ካናቢስና የፅንስ አንጎል፤ የአንድ ጥያቄ ታሪክ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በሕክምና ትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረው ትምህርት የእንግዴ ልጅን እንደ ጽኑ ቅጥር ይቈጥረው ነበር። እናቲቱ የምትበላውና የምትጠጣው፣ የሚደርስባትም ሕመም አብዛኛው ከዚያ ቅጥር ወዲህ የሚቀር፣ ፅንሱም በማኅፀን ውስጥ ከዓለም ተለይቶ የሚያድግ ይመስል ነበር። ይህን እምነት መጀመሪያ የሸረሸሩት አውስትራሊያዊው የዐይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ ናቸው። በ1941 በእርግዝናቸው መጀመሪያ ላይ በሩቤላ ከታመሙ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት የዐይን ሞራ ይዘው እንደሚወለዱ ገለጡ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) እምነቱን ፈጽሞ ያፈረሰው ግን ታሊዶሚድ ነው። ይህ መድኃኒት በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለገበያ ከቀረበ በኋላ ለእንቅልፍ ማጣትና ለእርግዝና ማቅለሽለሽ እየተባለ በብዙ አገሮች ተሸጠ፤ በ1961 መጨረሻ ከጀርመን ገበያ እስኪወጣ ድረስ እጃቸው ወይም እግራቸው ሳያድግ የቀረ 10 ሺ ያህል ሕፃናት እንዲወለዱ ምክንያት ሆነ።

ከታሊዶሚድ የተገኘው ትምህርት ታላቅ ቢሆንም አንድ መጥፎ ልማድ ትቶ አለፈ። ጉዳት ማለት በዐይን የሚታይ ጉዳት ነው የሚል ሐሳብ በሐኪሞች ዘንድ ሥር ሰደደ። አዋላጇ አዲስ የተወለደውን ሕፃን ታገላብጣለች፤ ጣቶቹን ትቈጥራለች፤ ላንቃውንና አከርካሪውን ትመለከታለች፤ ጉድለት ካላገኘች እናቲቱን እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላ ታሰናብታለች። አንጎል ግን ጣት አይደለም። ሲወለድ ያልተጠናቀቀ፣ ገና ብዙ ዓመት የሚገነባ አካል ነውና በእርሱ ላይ የደረሰ ጉዳት ቢኖር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሕፃኑ ያንን የአንጎል ክፍል የሚጠይቅ ሥራ ሲሰጠው ነው። በ1968 በፈረንሳይ የናንት ከተማ ፖል ለሞይን፣ በ1973 ደግሞ በአሜሪካ በሲያትል ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ የአልኮል መጠጥ በሚያዘወትሩ እናቶች ልጆች ላይ ያዩትን በጻፉ ጊዜ እንኳ አስቀድሞ ዐይን የሳበው የፊት ቅርጽ ነበር። የማሰብና የጠባይ ችግሩ ከዚያ ይልቅ ሰፊ መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው።

የካናቢስ ጥያቄ የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው። (በአገራችን ዕፀ ፋርስ የሚለው ስም አንዳንድ ጊዜ ለካናቢስ ሲሰጥ ይሰማል፤ ይሁን እንጂ በዚሁ ስም አስተናግርን የሚጠሩ ብዙዎች ናቸው። ሁለቱ ተክሎች በዘርም በሚያመጡት ስካርም ስለማይገናኙ እዚህ ካናቢስ የሚለው ተመርጧል።) ተክሉን ሰዎች ለሺ ዓመታት ሲጠቀሙበት ቢኖሩም የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ምን እንደ ሆነ በውል የታወቀው በ1964 ነው። በእስራኤል በቫይዝማን ተቋም ይሠሩ የነበሩት ራፋኤል መሹላምና ዬሒኤል ጋኦኒ ቲኤችሲ የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው የኬሚካል ቅርጹን አስታወቁ። መሹላም ለምርምር የሚሆነውን አምስት ኪሎ ሀሺሽ ከፖሊስ ተቀብለው በሕዝብ አውቶቡስ ጭነው መሄዳቸውን በ2023 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ለጠየቃቸው ሁሉ ይተርኩ ነበር። ንጥረ ነገሩ በስብ የሚሟሟ፣ በሰውነት ውስጥ ብዙ የሚቈይና የእንግዴን ልጅ የሚያልፍ ሆኖ ተገኘ። በእነዚያው ዓመታት በሰሜን አሜሪካ ካናቢስ የሚያጨሱ ወጣቶች ቍጥር ከቀን ወደ ቀን ይጨምር ስለነበር ከጥቂት ጊዜ በኋላ እነዚሁ ወጣቶች እናቶች መሆናቸው የማይቀር ነበር።

በ1978 በካናዳ ዋና ከተማ በኦታዋ የካርልተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና መምህር የነበሩት ፒተር ፍሪድ ነፍሰ ጡሮችን መመዝገብ ጀመሩ። ሴቶቹ በሐኪሞች መጠበቂያ ክፍልና በጋዜጣ የወጣውን ማስታወቂያ አይተው በፈቃዳቸው የመጡ ሲሆኑ አብዛኞቹ የመካከለኛው መደብ ቤተሰቦች ነበሩ። ጠያቂዎቹ በእርግዝናው በየሦስት ወሩ እየተገናኙ ስለ ሲጋራ፣ ስለ አልኮል፣ ስለ ምግብና ስለ ካናቢስ ይጠይቋቸዋል። በሳምንት ከአምስት ጥቅል በላይ የምታጨስ ሴት አዘውታሪ ተብላ ትመደብ ነበር። ጥናቱ የአካል ጉድለት የያዘ ሕፃን ለመፈለግ የተነሣ አልነበረም። ልጆቹን ለማሳደግ እንደሚነሣ ዘመድ ሳይሰለች ተከትሎ በየዕድሜያቸው መጠየቅን ዓላማው አድርጎ ነበር፤ የሥራው ብልጫም እዚህ ላይ ነው።

ሕፃናቱ በተወለዱ በመጀመሪያው ሳምንት የሚደረገው ምርመራ ቀላል ነው። ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ የእጅ ባትሪ ብርሃን በተዘጉ ዐይኖቹ ላይ ይበራል። መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ብርሃኑ ሲደጋገም ግን ነገሩን ይለምደውና እንቅልፉን ይቀጥላል። ይህ መልመድ የነርቭ ሥርዓቱ ጤንነት አንዱ ምልክት ነው። አዘውትረው ካጨሱ እናቶች የተወለዱት ብርሃኑን ለመልመድ ዘገዩ፤ መንቀጥቀጥና ድንጋጤም በዛባቸው። አጥኚዎቹ ነገሩ እንዲህ በግልጽ ከጀመረ እያደር ይጐላል ብለው ቢጠብቁ አያስደንቅም ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በአንድ ዓመታቸውም በሁለት ዓመታቸውም በተደረገው ምርመራ ከካናቢስ ጋር የሚያያዝ ልዩነት አልተገኘም። ጥናቱ በዚያ ቢቆም ኖሮ ካናቢስ ለፅንስ የሚያሠጋ አይደለም የሚል መደምደሚያ በመጻሕፍት ገብቶ በቀረ ነበር።

ልጆቹ አራት ዓመት ሲሞላቸው ግን በቃላት ችሎታና በማስታወስ ፈተናዎች የአዘውታሪዎቹ ልጆች ዝቅ ብለው ተገኙ። በአምስትና በስድስት ዓመታቸው ይኸው ልዩነት በጠቅላላው የማሰብ መለኪያ ላይ አልታይ አለ፤ ቢሆንም በስድስት ዓመታቸው አሰልቺ ሥራ ላይ አእምሮን አጽንቶ መቈየትን በሚጠይቅ ፈተና እንደ ገና ብቅ አለ። ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ባለው ዕድሜ የተደረገው ምርመራ ነገሩን ይበልጥ አብራራው። በዚህ ዕድሜ ከካናቢስ ጋር የተያያዘው ጉድለት አንድን ሐሳብ ይዞ መፈተን፣ ስሕተት ሲሆን ጥሎ ሌላ መሞከር፣ ያየነውን አቀናጅቶ ችግር መፍታት፣ ቸኩሎ ከመመለስ ራስን መግታት በሚሉት ችሎታዎች ላይ ነበር። የማሰብ መለኪያው ጠቅላላ ውጤት አልተነካም። እናቶቻቸው ተራ ሲጋራ ያጨሱ በነበሩት ልጆች ላይ የታየው ሌላ መልክ ነበረው፤ በእነርሱ ዘንድ ዝቅ ያለው የማሰብ መለኪያውና የቋንቋ ችሎታው ነበር። ሁለቱ ጭሶች የተለያየ አሻራ መተዋቸው ለፍሪድ ትልቅ ማስረጃ ነበር፤ ምክንያቱ የቤቱ ድህነት ወይም የእናትየዋ ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጉድለት ባሳዩ ነበርና። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ወጣቶች ሲሆኑ ጥቂቶቹ በመግነጢስ መሣሪያ ተመርምረዋል። የተሰጣቸውን ሥራ ማከናወን የቻሉ ቢሆንም ራስን መግታት በሚጠይቀው ጊዜ በማኅፀን ሳሉ ካናቢስ የደረሳቸው የአንጎላቸውን የፊት ክፍል ከሌሎቹ ይበልጥ ያሠሩ ነበር።

የኦታዋ ጥናት የሚነቀፍበት ነገር አልጠፋም። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ አዘውታሪዎቹ ደግሞ ከጥቂቶቹ ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ በ1982 በፔንሲልቬንያ በፒትስበርግ ከተማ ናንሲ ዴይና ባልደረቦቻቸው የጀመሩት ሁለተኛው ጥናት ትልቅ ዋጋ ነበረው። በዚያ የተመዘገቡት ሴቶች ለእርግዝና ክትትል ወደ ሕዝብ ክሊኒክ የመጡ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሲሆኑ ግማሽ ያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ድህነቱም፣ የሰፈሩ ችግርም፣ የካናቢሱም መጠን ከኦታዋ የባሰ ነው። በሦስት ዓመታቸው የማስታወስና የቃላት ችሎታ ላይ ልዩነት ታየ። በስድስት ዓመታቸው፣ እናታቸው በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት በቀን አንድ ጥቅልና ከዚያ በላይ ታጨስ የነበሩት በቃላት የማመዛዘን ፈተና ዝቅ አሉ። በዐሥር ዓመታቸው መቅበጥበጥ፣ ችኰላና ትኵረት ማጣት፣ ከዚያም በላይ የኀዘንና የድብርት ምልክት በዛባቸው፤ በዐሥራ አራት ዓመታቸው የትምህርት ውጤታቸው ዝቅተኛ ሆነ። በሁለት አገር፣ በሁለት የተለያየ ኑሮ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች በትኵረትና ራስን በመግታት ላይ መገናኘታቸው ዐቢይ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ተስማምቶ ሳለ ከጃማይካ የመጣው ወሬ ነገሩን አወሳሰበው። በጃማይካ ገጠር ካናቢስ ጋንጃ እየተባለ ይጨሳል፤ ከዚያም ይልቅ እንደ ሻይ ተፈልቶ ለልጅም ለዐዋቂም መድኃኒት ነው ተብሎ ይጠጣል። ስሙን ከራስ ተፈሪ በወሰደው እምነት ተከታዮች ዘንድ ደግሞ ቅዱስ ተክል ነው። አሜሪካዊቷ የነርስነት ምሁርና አንትሮፖሎጂስት ሜላኒ ድሬኸር ከሴቶቹ መንደር ገብተው ኑሯቸውን እያዩ 24 የእነዚህን እናቶች ሕፃናት ከማያጨሱ እናቶች 20 ሕፃናት ጋር አስተያዩ። በ1994 ያወጡት ውጤት በሦስተኛው ቀን ልዩነት እንዳልነበረ፣ በወሩ ግን የአዘውታሪዎቹ ልጆች በአንዳንድ መለኪያ እንዲያውም በልጠው እንደ ተገኙ ይገልጣል። ከዚያ ቀደም ብሎ ወደ ስድሳ በሚጠጉ የአምስት ዓመት ልጆች ላይ የተደረገው ክትትልም ልዩነት አላገኘም፤ ውጤታቸውን የሚወስነው የቤቱ አያያዝና ትምህርት ቤት ሳያቋርጡ መሄዳቸው ነበር።

ይህን ሥራ የካናቢስ ወዳጆች እስከ ዛሬ እንደ ጋሻ ያነሡታል፤ ሌሎች ደግሞ ሳያነቡት ይጥሉታል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ድሬኸር ራሳቸው ካናቢስ ሕፃንን ያሻሽላል አላሉም። በዚያ መንደር አዘውትረው የሚያጨሱት ሴቶች በኑሯቸው ከሌሎቹ ይልቅ በራሳቸው የቆሙ ስለ ነበሩ ሕፃናቱ የተጠቀሙት ከዚያ ነው ብለው ነበር የጻፉት። ይህም ማለት በኦታዋና በፒትስበርግ የተገኘው ጉድለት ከካናቢሱ ነው ወይስ ካናቢሱ ከሚገኝበት ቤት የሚለውን ጥያቄ ጃማይካ በተቃራኒው በኩል አሳየችው ማለት ነው። ደግሞም በአምስት ዓመት ልዩነት አለመታየቱ ኦታዋም በዚያው ዕድሜ ያየችው ነገር መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ለጥያቄው ሌላ በር የከፈተው የቤተ ሙከራው ምርምር ነው። በ1988 በሴንት ሉዊስ ዊልያም ዴቬንና አሊን ሃውሌት ካናቢስ የሚያርፍበት ልዩ ተቀባይ በአንጎል ውስጥ እንዳለ አሳዩ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ዴቬን፣ ሉሚር ሃኑሽና መሹላም በኢየሩሳሌም አካል ራሱ ለዚያ ተቀባይ የሚሠራውን ንጥረ ነገር አግኝተው በሳንስክሪት ደስታ ከሚለው ቃል አናንዳሚድ ብለው ሰየሙት። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ይህ ሥርዓት ገና በሚሠራ የፅንስ አንጎል ውስጥ ምን ይሠራል የሚል ሆነ። በ2007 በቲቦር ሃርካኒ የሚመራው ቡድን መልሱን አቀረበ። አዲስ የነርቭ ሕዋስ ረጅም ክሩን ወደ ሩቅ አቻው ሲልክ የክሩ ጫፍ እንደ ዐይነ ስውር በትር መንገዱን እየዳሰሰ ይሄዳል፤ በየት እንዲታጠፍና የት እንዲቆም ከሚነግሩት ምልክቶች አንዱ ይኸው የካናቢስ ተቀባይ ነው። ምልክቱ የሚላከው በጥቂቱ፣ በቦታውና በጊዜው ነው። ቲኤችሲ ከውጭ ሲገባ ግን ቦታም ጊዜም ሳይለይ ሁሉን ተቀባይ አንድ ላይ ያነሣሣል። በ2014 በአይጦች ላይ እንደ ታየው በክሩ ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን በዚህ ምክንያት ይፈርስና መስመሩ ይዛባል። ሕዋሱ አይሞትም፤ አንጎሉም በመጠን አያንስ ይሆናል፤ የተበላሸው የመስመሩ አዘረጋግ ነው። ጉዳቱ ሲወለዱ የማይታይ፣ ልጁ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ ሲገባው ብቻ የሚገለጥበት ምክንያት እዚህ ላይ ሊሆን ይችላል።

ከሰው የተገኘው ማስረጃ የተሰበሰበው በኀዘን ውስጥ ነው። በኒውዮርክ ያስሚን ሄርድና ባልደረቦቻቸው እርግዝናቸውን በአጋማሹ ላይ ለማቋረጥ ከወሰኑ ሴቶች በፈቃዳቸው የተገኘውን የፅንስ አንጎል መረመሩ። በ2004 እንደ ጻፉት ካናቢስ በደረሰባቸው ፅንሶች፣ ይልቁንም በወንዶቹ፣ ስሜትን በሚመራው አሚግዳላ ውስጥ የአንድ የዶፓሚን ተቀባይ መልእክት ቀንሶ ተገኘ። ይህ በፒትስበርግ በዐሥር ዓመት ልጆች ላይ ከታየው ድብርት ጋር ይገናኛል ማለት ባይቻልም ለሐኪም ችላ የሚባል አይደለም።

በአዲሱ ምዕተ ዓመት ጥናቶቹ ሰፉ። በሮተርዳም ከ2002 ጀምሮ በተካሄደው ታላቅ ክትትል ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት የሆናቸው 54 ካናቢስ የደረሳቸው፣ 96 ትምባሆ ብቻ የደረሳቸውና 113 ምንም ያልደረሳቸው ልጆች አንጎል በመግነጢስ መሣሪያ ታየ፤ በ2016 በወጣው ውጤት መሠረት የአንጎላቸው መጠን እኩል ሲሆን በካናቢስ በኩል ያሉት የፊተኛው የአንጎል ቅርፊታቸው ውፍረት ይበልጥ ነበር። ይኸው ቡድን ግን በ2019 ራሱን የሚፈትን ሌላ ሥራ አወጣ። የልጆቹ አስቸጋሪ ጠባይ ከእናት ማጨስ ጋር ብቻ ሳይሆን ከአባት ማጨስ ጋርም ይሄዳል። አባት ፅንሱን በማኅፀኑ አልያዘምና ከጠባዩ ቢያንስ ከፊሉ የሚመጣው ከቤተሰቡ ነው ማለት ነው። በአሜሪካ ከ11 ሺ በላይ የዘጠኝና የዐሥር ዓመት ልጆች መካከል እናቶቻቸው ተጠቅመው የነበሩ 655 ሆነው ተገኙ። ከእነዚህም የ413ቱ እናቶች መፀነሳቸውን እስኪያውቁ ድረስ ብቻ የተጠቀሙ ሲሆኑ፣ የ242ቱ ካወቁም በኋላ የቀጠሉ ናቸው። የቤተሰቡ ሁኔታ ሁሉ ሲመዛዘን ልዩነቱ ጸንቶ የቀረው በእነዚህ በኋለኞቹ ላይ ነበር፤ የትኵረት ችግር፣ ያልተለመደ ሐሳብና የማኅበራዊ ኑሮ ችግር በዛባቸው። የኦቲዝም ነገር ይበልጥ አከራካሪ ነው። በ2020 ከኦንታርዮ የወጣው ጥናት ግንኙነት አገኘ፤ በ2024 በሰሜን ካሊፎርኒያ ከ140 ሺ በሚበልጡ እናቶች ላይ የተሠራው አላገኘም።

እነዚህ ሥራዎች ሁሉ፣ ከኦታዋ እስከ ካሊፎርኒያ፣ በአብዛኛው የቆሙት በአንድ መሠረት ላይ ነው፤ ይኸውም እናቲቱ እውነቱን መናገሯ ነው። የኦታዋ ሴቶች የተናገሩት የሚቀጣቸው ስላልነበረ ነው። በ1989 በደቡብ ካሮላይና በቻርልስተን ግን አንድ ሆስፒታል ነፍሰ ጡሮችን ሳያስፈቅድ ሽንታቸውን ለኮኬይን እየመረመረ ውጤቱን ለፖሊስ ይሰጥ ጀመር፤ ከወለዱ በኋላ በካቴና የታሰሩ እናቶች ነበሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ መሆኑን የፈረደው በ2001 ነው። በዚያ ዘመን ስለ ኮኬይን ልጆች በጋዜጣ የተጻፈው ትንቢት አብዛኛው አልደረሰም፤ ፍርሀቱ ግን ደርሶ ቀርቷል። የምትፈራ ሴት ለአዋላጇ አትናገርም፤ ከክትትልም ትሸሻለች። በዚህም አጥኚው መረጃ፣ እርስዋ ደግሞ እንክብካቤ ያጣሉ።

በሌላው በኩል ገበያው መጥቷል። በአሜሪካ በፖሊስ የተያዘው ካናቢስ የቲኤችሲ መጠን በ1995 በመቶ 4 ያህል የነበረው በ2014 ወደ 12 ደርሷል፤ ስለዚህ በ1978 ኦታዋ አንድ ጥቅል ተብሎ የተቈጠረው ዛሬ አንድ ጥቅል አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በሚኖሩበት በኮሎራዶ፣ አጥኚዎች የስምንት ሳምንት ነፍሰ ጡር መስለው ስለ ማቅለሽለሽ ለ400 የካናቢስ መሸጫዎች ስልክ ደውለው ነበር። በ2018 በታተመው ውጤት 277ቱ ካናቢስ ውሰጂ ብለው መክረዋል። ይህ ከታሊዶሚድ ጋር ለተመሳሳይ ሕመም የተሰጠ ምክር መሆኑን የሚያስተውል ሰው ይገረማል፤ ልዩነቱ በዚያን ጊዜ መካሪው ሐኪም፣ አሁን ግን ሻጭ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የማኅፀንና የፅንስ ሐኪሞች ማኅበር በ2015 ያወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡሮችና ለመፀነስ ያሰቡ ሴቶች ካናቢስ እንዲያቆሙ፣ በማቅለሽለሽም ምክንያት እንዳይታዘዝላቸው፣ የሚጠየቁትም ለመርዳት እንጂ ለመክሰስ እንዳልሆነ እንዲነገራቸው ይላል።

ካናዳ ካናቢስን በጥቅምት 2018 ለገበያ ፈቀደች። በዚያን ጊዜ የኦታዋው ጥናት የመጀመሪያዎቹ ልጆች አርባ ዓመት ሊሞላቸው ተቃርበው፣ ብዙዎቹም ራሳቸው ወላጆች ለመሆን የበቁበት ዕድሜ ላይ ነበሩ። በአሜሪካ ከ2023 ጀምሮ ሰባት ሺ ያህል ነፍሰ ጡሮችን በመመዝገብ ላይ የተመሠረተ አዲስ ክትትል ተጀምሯል፤ የእናቶቹን ቃል ከመስማት በተጨማሪ የሰውነት ናሙና ይወስዳል፤ የሕፃናቱንም አንጎል ከልደታቸው አንሥቶ ይቀርጻል። ከእነዚህ ልጆች የመጀመሪያዎቹ አራት ዓመት የሚሞላቸው፣ ማለትም በኦታዋ ልዩነቱ ዳግመኛ የታየበት ዕድሜ ላይ የሚደርሱት፣ ከ2027 ወዲያ ነው።